ጾም ከመግባቱ በፊት፦ የለውዝ ቅቤን ከምን ጋር እናቅምስ?

ሰብሳቢ፦ እንደምን ዋላችሁ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ ጠረጴዛ ዘርግተን የማኅበራችንን የለውዝ ቅቤ ልናስቀምስ ነው። ዳቦ ላይ ቀብቶ መስጠት ይቅር፤ ለሱ ሰው አይቆምም። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠጋ የሚያስብል ነገር አምጡ።

አባል ከፍኖተ ሰላም፦ የኔ ሙዝ ነው። ለሁለት ሰንጥቆ የለውዝ ቅቤ መቀባት፣ ከላይ ሚጥሚጣ ነስነስ ማድረግ። አትሳቁ! አሜሪካኖች ሙዝና የለውዝ ቅቤ ዳቦ መሀል አድርገው ይበላሉ፤ የኛ ጭማሪ ሚጥሚጣው ብቻ ነው። ሙዙ ጠንከር ያለ ይሁን፤ የላላው እጅ ላይ ይቀራል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሙዝ በሚጥሚጣ? ኧረ በሕግ አምላክ!

አባል ከፍኖተ ሰላም፦ መጀመሪያ ቅመሺው እህቴ፣ ከዚያ ትከሽኛለሽ።

አንጋፋዋ አባል፣ ከቡሬ፦ ልጆቼ፣ ለውዝን ከጣፋጭ ጋር ብቻ ምን አጣበቃችሁት? እኛ የሱፍና የኑግ ፍትፍት በልተን ነው ያደግነው። ለውዝም ያው ቅባት ያለው እህል ነው። አዋዜ ለውሱበትና ሰው በትኩስ ቂጣ እያጠቀሰ ይብላ። በርበሬውን እኔ ከዚህ አመጣለሁ፤ የቡሬን በርበሬ ለናንተ አላስተዋውቅም። አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዋዜው ሲገባበት የለውዝ ቅቤው መጀመሪያ ጥጥር ይላል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት! ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ስታማስሉት ላላ ብሎ ይመለሳል።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉት ነገር ምክንያትም አለው። የበርበሬው የሚያቃጥል ነገር በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ አዋዜው በለውዙ ቅባት ይለዝባል፤ ቃጠሎ የሚፈራ ሰውም ደፍሮ ይቀምሰዋል። ደግሞ በዓለም ላይ ለውዝ ከጨውና ከቃሪያ ጋር የቆየ ዘመድ ነው። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ያለበትን ሰላጣ በለውዝ ቅቤ ይለውሱታል። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ወጥ የሚወፍረው በሱ ነው። ኢንዶኔዥያዎች ጥብሳቸውን የለውዝ ስጎ እያስነኩ ይበላሉ። አሜሪካኖች ራሳቸው በሆምጣጤ ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር ዳቦ ውስጥ ያደርጉታል። የኔ ሐሳብ፦ ጠረጴዛችን ወደ ጨውና በርበሬው ያጋድል። ማርማላታ ከሱቅ ይግዙ።

ሰብሳቢ፦ የኪያሩን ተዉት፣ እሱን ለማስረዳት ብቻ ቀኑ ይመሻል።

አባል ከእንጅባራ፦ የሱዳኖቹን ሰላጣ ወደ ድንች እናምጣው። የኛን ድንች ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ ትኩሱን ቆራርጦ፣ በሎሚ የቀጠነ የለውዝ ቅቤ ማፍሰስ። ላዩ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ በደቃቁ። ሎሚው እንዳይቀር አደራ! ያለሱ ቅባቱ ቶሎ ያጠግባል፤ ሁለተኛ ጉርሻ አያስመኝም። ቅዝቃዜም ስለሚያደርቀው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቀቀል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ኪስም አይጎዳም። እኔም ልጨምር፦ የበሶ ጭብጦ። በሶ በዘይት፣ በጨውና በበርበሬ እንለውስ የለ? በዘይቱ ፋንታ የለውዝ ቅቤ ይግባ። ማር የሚል እንዳይመጣብኝ፣ የማርን ዋጋ ታውቁታላችሁ። መንገደኛ ቋጥሮት ስለሚሄድ ሽያጩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንጋፋዋ አባል፣ ከቡሬ፦ እሰይ! ይሄ ነው ቁም ነገር። ጭብጦው በጣም እንዳይደርቅ ብቻ፤ ሲነክሱት ከተበተነ መሳቂያ ነው።

የወፍጮ ክፍል፦ ስለ ጣዕሙ ስታወሩ የረሳችሁት ለውዙን ነው። ከመተከል በኩል የሚመጣልን ለውዝ በእጅ ይለቀም። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ አንድም አይግባ። እርጥበት ያገኘው ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። ጉበት ይጎዳል፣ ቆልተነዋል ብለንም አንድንም። ሌላው አለርጂ ነው። ለውዝ የማይስማማው ሰው በጥቂቱም ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ሳትጠይቁ ማንንም እንዳታጎርሱ፣ በተለይ ሕፃን። በገበያ ግርግር ጉርሻ እንደምንወድ አውቃለሁ።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነው፣ ይሄ ድርድር የለውም። እንግዲህ ጸሐፊያችን ጠቅልለው ይጻፉልን።

ጸሐፊ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው እንዲህ ይሁን። «ማኅበሩ የለውዝ ቅቤውን ከቂጣና አዋዜ፣ ከድንችና ሎሚ፣ እንዲሁም በበሶ ጭብጦ መልክ ያቀርባል። ሙዝ በሚጥሚጣ በአንድ ትንሽ ሳህን ለሙከራ ይቀመጣል፤ ካልተወደደ ይነሳል። የጾም መሆኑና ለውዝ እንዳለበት በትልቁ ይጻፋል። ለውዙ ሳይለቀም ወፍጮ አይገባም።»

አባል ከፍኖተ ሰላም፦ ትንሽ ሳህን? ግድ የለም፣ ሙዙን በራሴ ወጪ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ በራስህ ወጪ ከሆነ ትልቅ ሳህን ይሁን።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። የቀረው ምጣድና ከሰል ነው። ቂጣው እዚያው መጋገር አለበት፤ ማን ያመጣል?