ሰሜን ዋልታ ላይ ኮምፓስ የማይታመን ከሆነ የድሮ ወታደራዊ አብራሪዎች በምን ነበር የሚመለሱት?

ሳሚ፦
ሰላም ቤቶች፣ ማታ ቢ-29 ስለሚባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሳነብ አመሸሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አላስካ ካለው ላድ ፊልድ እየተነሱ ሰሜን ዋልታ ድረስ ይበሩ ነበር፣ አንዱ ዓላማ እዛ አካባቢ ናቪጌሽን (መንገድ ማወቅ) እንዴት እንደሚሰራ መልመድ ነው። እኔን ያልገባኝ፣ ጂፒኤስ የለ፣ ከታች ነጭ በረዶ ብቻ፣ ኮምፓሱም አይታመንም፣ ደሞ ዋልታው ላይ ስትቆም በየትም ብትዞር ደቡብ ነው አይደል? ታዲያ ወደ ቤት የሚወስደው ደቡብ የቱ እንደሆነ እንዴት ይለያል? የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ፣ ከልቤ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ሄለን፦
ሳሚዬ ኮምፓሱ ተበላሽቶ አይደለም፣ የማግኔቱ ዋልታ አጠገብ ስትደርስ መርፌው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ መሬት ወደታች ነው የሚሳበው፣ አግድም የሚያዞረው ጉልበት ስለሚደክም ዝም ብሎ ይዋልላል። በዛ ላይ የማግኔቱ ዋልታ ያን ጊዜ የነበረው ካናዳ ደሴቶች ጋ ነው፣ ከካርታው ዋልታ በጣም ይርቃል። እንግሊዞችም በሜይ 1945 ኤሪስ የምትባል ላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከአይስላንድ አስነስተው ዋልታው ድረስ የላኳት ይሄንኑ ቦታው ላይ ሊፈትሹ ነው።

ዮናስ ዘ አየር፦
እኔ ስማረው አስተማሪያችን ብርቱካን ይዞ ነው የገባው። በእስክሪብቶ ከላይ እስከታች መስመር ስታሰምርበት እምብርቱ ጋ ሁሉም ይገናኛሉ፣ እዛ ጋ ጣትህን ትንሽ ስታንቀሳቅስ አምስት ስድስት መስመር ታልፋለህ፣ ስለዚህ ቀጥ ብለህ እየበረርክ የአቅጣጫህ ቁጥር ይቀያየራል። መፍትሄው ካርታው ላይ የካሬ መረብ መዘርጋትና የግሪንዊችን መስመር (ዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ) ይዘህ የራስህን ሰሜን መስራት ነው፣ ግሪድ ይሉታል። ለምሳሌ ላድ ፊልድ ካለበት ከፌርባንክስ በ147 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ወደ ዋልታ ስትሄድ በተለመደው አቆጣጠር አቅጣጫህ 0 ነው፣ ዋልታውን እንዳለፍክ ባንዴ 180 ይሆናል። በግሪድ ግን በፊትም 147 በኋላም 147! መመለሻህ 327 ነው በቃ፣ የቱ ደቡብ ብለህ አትጨነቅም።
አውሮፕላኑን በዛ ቁጥር ላይ የሚያቆየው ጋይሮ ነው (በፍጥነት እየተሽከረከረ አቅጣጫውን የሚጠብቅ መሣሪያ)፣ እሱም ግን ይስታል፣ ዋልታው ላይ መሬት ከስሩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር። ናቪጌተሩ (መንገድ መሪው) ቶሎ ቶሎ በሴክስታንት፣ የሰማይ አካላትን ከፍታ በሚለካ መሣሪያ፣ ፀሐይ ወይ ኮከብ እየለካ ካላረመው ሳይታወቀው መንገድ ይለቃል።

ዳዊት፦
ዮናስ ያለው ላይ ልጨምር፣ ከባዱ ጊዜ ድንግዝግዝታው ነው። ፀሐይ ከአድማስ በታች ሆና ሰማዩ ደሞ ኮከብ እስኪታይ አልጨለመም፣ እኛ አገር ቶሎ የሚያልፈው እዛ ለረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ስለዚህ የምትለካው ነገር የለህም። ኪ በርድ የምትባለውን ቢ-29 አንብብ፣ በፌብሩዋሪ 1947 ከላድ ፊልድ ተነስታ መንገድ ጠፋባት፣ ነዳጅ ሊያልቅ ሲል ግሪንላንድ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ በሆዷ አረፈች። 11ዱም ሰዎች በዛ ብርድ ቆይተው በሦስተኛው ቀን ሲ-54 የሚባል ማመላለሻ አውሮፕላን መጥቶ አወጣቸው፣ አንድም ሰው አልሞተም፣ እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። አውሮፕላኗ ግን እዛው ቀረች፣ በ1995 ጠግነው ሊያስነሷት ሲሉ እሳት በላት፣ በጣም ያሳዝናል።

ሳሚ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ብርቱካኑን አሁን ሞከርኩት፣ ቁጭ ብዬ እስክሪብቶ ይዤ፣ ገባኝ። ደቡብ ዋልታስ ያው ነው?

ዮናስ ዘ አየር፦
ያው ነው፣ የምትደምረውን ትቀንሳለህ እንጂ። ብርቱካኑን ገልብጠውና እየው።