ልጄን ሳላታልል እኩል እንድንጫወት ምን ላድርግ?

አባቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 47 ዓመቴ ነው፤ ልጄ 13 ሞልቷታል። እሁድ እሁድ ጠዋት እዚሁ አዲስ አበባ ቀይ አፈር ሜዳ ላይ ቴኒስ እንጫወታለን። ሁሌም 6 ለ 1 ወይም 6 ለ 0 አሸንፋታለሁ። ባለፈው ሳምንት አሳዘነችኝና ሁለት ቀላል ኳስ ሆን ብዬ መረብ ላይ መታሁ። ወዲያው ነቃችብኝ። «አባዬ፣ እየለቀቅክልኝ ነው አይደል?» አለችኝ። ራኬቷን ቦርሳ ውስጥ ከታ ወጣች። ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም። ሁለተኛ አይለምደኝም። ግን በዚሁ ከቀጠልን ጨዋታውን ትተወዋለች ብዬ ፈርቻለሁ። ጎልፍ ላይ ለደካማው ምት ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ቴኒስ ላይስ?

ኳስ አቀባይ የነበረው፦
ጋሼ፣ አለ፤ ያውም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ። ኳስ በማቀበል ጀምሬ ዛሬ ልጆች አሠለጥናለሁ፤ በየሳምንቱ እጠቀምበታለሁ። ልጅዎ እያንዳንዱን ጌም (6 ለ 1 ሲባል የሚቆጠረውን አጭር ዙር) ከ15 ለ 0 ትጀምር፤ 15 ማለት አንድ ነጥብ፣ 30 ማለት ሁለት ነጥብ ነው። ካልበቃት ከ30። እሱም ካልበቃ እርስዎ ዕዳ ውስጥ ይግቡ። ማለትም ከዜሮ በታች ይነሱና የመጀመሪያዋ ነጥብዎ ዕዳ መክፈያ ትሁን። 15 ከበዛ ደግሞ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛው ጌም ብቻ ይስጧት። የፈረንሳይ ተጫዋቾች ደረጃ ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው፤ ጀማሪው 40 ነው፣ ሲሻሻል 30፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 0፣ ጎበዙ -15 ይባላል።

ዋናው ግን ጨዋታው ሳይጀመር ተስማሙ። መሃል ላይ አይቀይሩት። ከዚያ በሙሉ ኃይልዎ ይጫወቱ።

ግራኝ፦
ወንድሜ፣ ለእኔ ነጥብ ብቻ አልበቃኝም። ባለቤቴ 30 ይሰጠኝ ነበር። ሰርቩን፣ ማለትም ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት፣ መመለስ ካልቻልኩ 30 ምን ያደርግልኛል? በ1992 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ ታዋቂዎቹ ቴኒሰኞች ጂሚ ኮነርስና ማርቲና ናቭራቲሎቫ፣ ወንድና ሴት ሲገጥሙ፣ ለኮነርስ እንደወትሮው ሁለት ሳይሆን በየነጥቡ አንድ የሰርቭ ዕድል ብቻ ነበር የተፈቀደለት። እሷ ደግሞ በየጎኑ ለጥንድ ጨዋታ ብቻ ከሚያገለግለው ጠባብ የሜዳ ክፍል እስከ ግማሹ ድረስ መምታት ትችል ነበር። ኮነርስ 7 ለ 5፣ 6 ለ 2 አሸነፈ፤ ግን የመጀመሪያውን ላቡ ጠብ ብሎ ነው። ያንን አይቼ ባለቤቴን ሁለተኛ ሰርቩን ከለከልኩት። አሁን ኳሷ ቢያንስ አምስት ስድስቴ ትመላለሳለች።

ኳስ አቀባይ የነበረው፦
እህቴ ልክ ብላለች። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኳስ ይፈጥናል፤ የአዋቂ ሰርቭ ለልጅ ይከብዳል። ጋሼ፣ ለከፍታ ቦታ የተሠራ ኳስ ካገኙም ይግዙ።

አባቷ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። 15 ሰጠኋት፣ እኔ በአንድ ሰርቭ። የመጀመሪያው እሁድ 6 ለ 3 አሸነፍኩ። ሁለተኛው 6 ለ 4። ትናንት 5 ለ 5 ደረስን። አንዲት ኳስ አልለቀቅኩላትም። 7 ለ 5 አሸነፈችኝ! ከሜዳው ሳትወጣ እናቷ ጋ ደወለች። መኪና ውስጥ ደግሞ «የሚቀጥለው እሁድ 15 የምወስደው በየሁለተኛው ጌም ብቻ ነው» አለችኝ። ሁለተኛ ሰርቬንስ መቼ ልውሰድ?

ኳስ አቀባይ የነበረው፦
መጀመሪያ ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ይለቅ። ሰርቩ መጨረሻ ይመለስ፤ እስከዚያ እርስዎም ጥሩ ሁለተኛ ሰርቭ ይማራሉ።