«ማንም አይነካውም» ስትሉ ማንን ነው?

ጥያቄ አለኝ፦ ትናንት እዚህ አንዱ ጀማሪዎችን ሲያስተምር «ባንክ የለ፣ አለቃ የለ፣ ብሎክቼይን በሚባለው የጋራ መዝገብ ላይ የሰፈረን ማንም አይነካውም» አለ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢቴሪየም በሚባለው ብሎክቼይን ላይ የተቋቋመው የጋራ ገንዘብ ማኅበር፣ ዘ ዳኦ፣ ሲዘረፍ ኢቴሪየምን ማን ነካው? መንፈስ?

ብሎክ በብሎክ፦ ወንድሜ፣ አንድም የድሮ ብሎክ፣ ማለትም የመዝገቡ ገጽ፣ አልተሰረዘም። የብሎኮቹ ሰንሰለት 1,920,000ኛው ብሎክ ላይ ሲደርስ አዲሱ ሶፍትዌር የተዘረፈውን ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ባለቤቶቹ ወደሚያወጡበት ኮንትራት፣ ማለትም ሰንሰለቱ ላይ ወደሚሠራ ፕሮግራም፣ አዛወረው። በቃ።

ጥያቄ አለኝ፦ «አዛወረው»! ያለ ሰውየው ፊርማ ከኪሱ አውጥቶ ማዛወር በእኛ ቋንቋ መንካት ነው የሚባለው።

ቆፍጣናው፦ ሰውየው ሌባ ነዋ!

ጥያቄ አለኝ፦ ሌባ ያለው ማነው? «ኮዱ ሕግ ነው» ስትሉ አልነበር? የዘ ዳኦ ኮድ መጀመሪያ ይከፍላል፣ ቀሪ ሂሳብ የሚቀንሰው በኋላ ነው። ሰውየው ሂሳቡ ሳይቀነስ እንደገና ጠየቀ፣ ተከፈለው። እንደገና ጠየቀ፣ ተከፈለው። 3.6 ሚሊዮን ኢተር ገደማ። ሕጉ የፈቀደለትን ነው የወሰደው።

ቆፍጣናው፦ አንተ በሩ ክፍት ከሆነ የሰው ቤት ትገባለህ ማለት ነው።

ብሎክ በብሎክ፦ በማዛወሩ ያልተስማማው ገንዘቡ ባልተዛወረበት በአሮጌው ሰንሰለት ቀጥሏል። ኢቴሪየም ክላሲክ ይኸው አለ። ባንክህ እንዲህ አማርጦህ ያውቃል?

ዝምተኛዋ፦ እናንተ 2016 ላይ ቀራችሁ። ዩኤስዲሲ የሚባለውን፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ሳንቲም የሚያወጣው ሰርክል በ2022 የገንዘብ ዱካ በሚያጠፋው በቶርኔዶ ካሽ አድራሻዎች ላይ የነበረውን አገደ። አንድ ኩባንያ ብቻውን! ዲፋይ ላይ፣ ያለ ባንክ፣ የምታበድሩት፣ የምትበደሩት በዚሁ ሳንቲም አይደል እንዴ?

ብሎክ በብሎክ፦ እሱ ቶከኑ፣ ብሎክቼይኑ ላይ የሚዘዋወረው ሳንቲም ነው፣ ብሎክቼይኑ አይደለም።

ዝምተኛዋ፦ እሺ። ብሎኩ አልተነካም፣ ገንዘቤ ብቻ ነው የተነካው። ተጽናናሁ።

አሥራ ሁለት ቃል፦ የእኔን ግን በእውነት ማንም አይነካውም። የዋሌቴ (የዲጂታል ቦርሳዬ) ቁልፍ የሆኑትን 12 ቃላት የጻፍኩባት ወረቀት ጠፍታለች። አድራሻውን ስከፍት ገንዘቡ ቁጭ ብሎ ያየኛል። እኔም አልነካውም።

ቆፍጣናው፦ ሁለት ቦታ ጻፉ ተብሎ ነበር።

አሥራ ሁለት ቃል፦ አመሰግናለሁ፣ አሁን በራልኝ።

ብሎክ በብሎክ፦ ወደ ፊርማው ልመለስ። ኢተሩን ያዛወረውን ሶፍትዌር ኖድ (የመዝገቡን ቅጂ የሚይዝ ኮምፒውተር) የሚያስኬዱ ሰዎች በፈቃዳቸው ነው የጫኑት። ማንም አላዘዛቸውም።

ጥያቄ አለኝ፦ ስለዚህ ብዙ ሰው ከተስማማ ይነካል። ትናንት ይህችን ለጀማሪዎቹ ብትጽፉላቸው ምን ነበረበት?

ብሎክ በብሎክ፦ «ይነካል» አላልኩም።