95 ሲሲ ፕሮስቴት፦ ሆድ ተከፍቶ ወይስ በሽንት ቧንቧ?

የአዘዞው፦
ሰላም እንዴት ዋላችሁ። አባታችን 71 ዓመታቸው ነው፤ ሽንት ዘግቶባቸው ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ከገባላቸው ወር አለፈ። የሽንት መውጫውን የሚያላላውን ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም እየዋጡ ካቴተሩ ሁለት ጊዜ ቢወጣላቸውም መሽናት አቃታቸው። አልትራሳውንዱ ፕሮስቴቱን (ከፊኛ ሥር ያለውን የወንድ እጢ) 95 ሲሲ ይላል፣ የኩላሊት ምርመራው ክሬቲኒን ደህና ነው፣ አስፒሪን ይወስዳሉ። እዚህ ጎንደር ያያቸው ሐኪም ሆድ ተከፍቶ ይውጣ ብሏል። ዘመድ ግን «ዛሬ ቁስል በሌለው መሣሪያ ነው የሚሠራው፣ አዲስ አበባ ውሰዷቸው» እያለ ያስጨንቀናል። የቱ ይሻላል?

ቀዳጁ፦
ወሳኟ ያቺ 95 ናት። በሽንት ቧንቧ ገብቶ እየፋቀ የሚያወጣው ቲዩአርፒ የሚመቸው ከ30 እስከ 80 ሲሲ ላለው ነው። ከዚያ ሲበልጥ ፍቆ መጨረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜው ሲረዝም ደሙ ይበዛል፣ ለእይታ ማጥሪያ የሚፈሰው ፈሳሽም በተከፈቱት ደም ሥሮች ይገባል። ሞኖፖላሩ መሣሪያ ጨው በሌለው ፈሳሽ ስለሚሠራ የደም ሶዲየም ይወርዳል፦ ያስመልሳል፣ ያቃዣል፣ ሲብስ ያንቀጠቅጣል። ባይፖላሩ መሣሪያ በኖርማል ሳላይን (ጨው ባለው ፈሳሽ) ስለሚሠራ ከዚህ ይድናል፤ የደሙና የሰዓቱ ነገር ግን አይቀርም። «ቁስል የሌለው» የተባለውም ከውጭ ሲታይ ነው፤ ውስጡ ያው ቁስል ነው።

ሆድ ሲከፈት ከእምብርት በታች ይቀደድና ያደገው ሥጋ ብርቱካን ከልጣጩ እንደሚለይ በጣት ተፈልቅቆ ይወጣል። ካቴተሩ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ ደም ስለሚፈስም 2 ዩኒት ያህል ቀድሞ ይዘጋጃል። ፊኛ ውስጥ ጠጠር ካለ አብሮ ይለቀማል፣ ዳግም መሠራትም ብርቅ ነው።

ለዚህ መጠን ከሆድ መክፈቱ ጋር የሚወዳደረው፣ በሽንት ቧንቧ ገብቶ ፈልቅቆ የሚያወጣው ሆሌፕ የሚባለው ሌዘር ነው፤ ደሙ ያነሰ፣ ካቴተሩም ቶሎ የሚወጣ። «ሌዘር አለን» ሲሏችሁ ግን «የሚያተን ነው ወይስ ፈልቅቆ የሚያወጣ?» በሏቸው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። መሣሪያውም ባለሙያውም መኖሩን በስልክ ሳታረጋግጡ ሽማግሌ ይዛችሁ መንገድ አትግቡ።

ሲስተር ማራኪ፦
ከቀዶው በፊት የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን የሚለይ ምርመራ) ይሠራላቸው። ወር የቆየ ካቴተር ባክቴሪያ አያጣም፤ መድኃኒቱ በውጤቱ መሠረት ቀድሞ ካልተጀመረ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። አስፒሪኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ በተለይ ልብ ላይ ስቴንት (የደም ሥር መክፈቻ ቱቦ) ካለ። ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ካቴተርና ኢንፌክሽን ብቻቸውን ከፍ ያደርጉታል።

ከቀዶው በኋላ አስታማሚ የሽንት ከረጢቱን ይጠብቅ። የሽንቱ መቅላት ብቻ አያስፈራም። መፍሰሱ ቆሞ እምብርት ሥር ከተወጠረ፣ ሽንቱም በካቴተሩ ዙሪያ ካፈተለከ የረጋ ደም ዘግቶታል ማለት ነው። ሌሊትም ቢሆን ነርስ ቀስቅሱ፤ በ50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በሳላይን ታጥቦ የረጋው ይሳባል። ፊኛውን የሚያጥበው ፈሳሽ እየገባ ካልወጣ መግቢያውን ወዲያው ማስዘጋት ነው።

የአዘዞው፦
እግዜር ይስጥልን። አባባ የሚፈሩት የወንድነት ነገር ነው መሰለኝ፤ ልጅ ሆኜ መጠየቅ አፈርኩ።

ቀዳጁ፦
ሐኪሙ ለብቻቸው ያስረዳቸው፣ ያውም ከመፈረማቸው በፊት። መቆሙ በአብዛኛው እንደነበረ ይቀጥላል። የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ ነው፤ በሦስቱም መንገድ ቢሠራ በብዙዎች ላይ ወደ ኋላ ፊኛ ይገባና ከሽንት ጋር ይወጣል። አይጎዳም፣ ሳይነገራቸው ካዩት ግን ይደነግጣሉ። የፕሮስቴቱ ሽፋን ስለሚቀር የካንሰር ክትትሉም አይቆምም።

ባለ ፋርማሲው፦
ቤት ሲገቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጀሪካንም ጆንያም አያንሱ። የሆድ ድርቀት ትልቁ ጠላት ነው፤ ሲያምጡ ደሙ ይነሳል። ተልባ ከብዙ ውሃ ጋር ጥሩ ነው፣ ጾምም ቢሆን ውሃው አይጓደል። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ግን የውሃውን ልክ ሐኪም ይንገራቸው። ካቴተር ሲወጣ ማቃጠል፣ ማጣደፍና ጠብ ጠብ ማለት ለሳምንታት ይኖራል። ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንቱ እንደገና ከቆመ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።