ክርክር፦ ህክምና እምቢ ያለ ሰው የህመም ድጎማው ይቋረጥ?

የካዛንቺስ ልጅ (ለንደን)
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ የተነሳ ክርክር ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ አመጣሁት። አንድ ሰው ታምሜ መስራት አልቻልኩም ብሎ ከመንግስት ቤኔፊት (የድጎማ ገንዘብ) ይወስዳል። ሊያድነው የሚችል ህክምና እያለ አልታከምም ካለ ገንዘቡ ይቆረጥበት ወይ?

ለማታስታውሱት፣ እዚህ እንግሊዝ ነገሩ ጎልቶ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በመጠጥ፣ በአደንዛዥ ዕፅ ወይም ከልክ ባለፈ ውፍረት ምክንያት ድጎማ የሚወስዱ ሰዎች ህክምና እምቢ ካሉ ድጎማቸው ይቀነስ እንደሆነ እንዲጠና አደረጉ። ጥናቱን የመሩት ሐኪሟ ካሮል ብላክ ናቸው። በ2016 መጨረሻ ሪፖርታቸው ሲወጣ ግዴታውን አልደገፈም። የጤና ባለሙያዎቹ በብርቱ ተቃውመውታል፤ ሰዉም ድጎማውን ላለማጣት ሱሱን ይደብቃል የሚል ስጋት ነበር።

እኔ ይህንን ስጋት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያኔ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ጋሼ ከድጎማው መስሪያ ቤት የሚላከው ቡናማው ፖስታ ሲደርሳቸው ቅጹን ልሞላላቸው ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብለናል። ጠጪ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያለብዎትን ህመም ይዘርዝሩ የሚለው ገጽ ላይ ስንደርስ ብዕሩን ከነእጄ ያዙኝና «ወገቤን ጻፍ። ወገቤን ብቻ» አሉኝ። መጠጥ ያለበት ገንዘቡ ሊቆረጥ ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። ሕግ እንኳ አልሆነም ነበር! ለጂፒያቸውም (ለሰፈር ሐኪማቸው) ያንኑ ወገባቸውን ብቻ ሲነግሩ ኖረው፣ አምቡላንስ ሲወስዳቸው ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይቆረጥ።

ሌሊት ሹፌር (በርሚንግሃም)
ወንድሜ፣ ለጋሼ አዝኛለሁ። ግን የኛ ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲል ጥፋቱን በማን ላይ አደረገው? በደባቂው አይደል?

እኔ ለአስራ አንድ ዓመት አውቶብስ ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን በሌሊት። ከደመወዜ የሚቆረጠው ታክስ ለታመመ ሰው ሲውል ደስ ይለኛል፤ እኔም ነገ ልታመም እችላለሁ። ግን መተዛዘን የሁለት ወገን ነው። እኔ ከላቤ ልስጥ፣ አንተ ደግሞ ለመዳን አንድ እርምጃ ተራመድ። ይህ ጭካኔ ከሆነ አልገባኝም።

ደግሞ የራሴን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ በጫት ተጀምሮ ሌላ ሌላ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለስድስት ዓመት ለመንነው፣ አለቀስን፣ ሽማግሌ ላክንበት። የተነሳው ሚስቱ «ወይ ትታከማለህ ወይ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ» ስትለው ነው። ዛሬ ሥራ አለው። ማስፈራራት አያድንም የምትሉኝ እኔ ቤት መጥታችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር ነኝ (ቨርጂኒያ)
ለወንድምህ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሚስት ያለችውንና መስሪያ ቤት በደብዳቤ የሚለውን አንድ አታድርገው። እሷ ታውቀዋለች፣ ማታ ሲመለስ በር ትከፍትለታለች። ደብዳቤው በር አይከፍትም።

እኛ አሜሪካ ያለነው ይህንን ነገር በሕግ ይዘነው እንኖራለን፤ ዲሴቢሊቲ (መስራት ላልቻለ ሰው የሚከፈል ድጎማ) የሚጠይቅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ድጎማውን በሚከፍለው የመንግስት መስሪያ ቤት በሶሻል ሴኩሪቲ ደንብ፣ ሰውየው የራሱ ሐኪም ያዘዘለትንና ወደ ሥራ ይመልሰዋል የተባለውን ህክምና ያለ በቂ ምክንያት ካልተከተለ ሊከለከል ይችላል። «በቂ ምክንያት» የሚባሉት ደግሞ በ2018 በወጣው መመሪያ ተዘርዝረዋል። ሃይማኖቱ ከከለከለው፣ ለህክምናው መክፈል ካልቻለና ነጻ የሚያክመው ከሌለ፣ ሁለት ሐኪሞች ካልተስማሙ፣ ቀዶ ጥገናን እጅግ ከመፍራቱ የተነሳ ሐኪሙ ራሱ ለሱ አይሆንም ካለ፣ የታዘዘው ማስታገሻ ሱስ ያስይዛል ተብሎ ከተሰጋ። አመጋገብ ማስተካከል፣ ስፖርት መስራት፣ ሲጋራ ማቆም ደግሞ ከናካቴው «የታዘዘ ህክምና» ተብለው አይቆጠሩም። ካሜሮን ስለ ውፍረት ያነሱት እዚህ አገር ጨርሶ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ሱስን በተመለከተማ አሜሪካ ሞክራዋለች። በ1972 በወጣው ሕግ፣ በመጠጥ ወይም በዕፅ ሱስ ምክንያት ለድሆች የሚከፈለውን ድጎማ የሚያገኝ ሰው መታከም ግዴታው ነበር፤ ገንዘቡም በእጁ ሳይሆን በሌላ ሰው በኩል ይሰጠው ነበር። በወረቀት ሲታይ ልክ ሹፌሩ ወንድማችን የሚለው ነው። ነገር ግን ሰውየው ታከመ አልታከመ ብሎ የሚከታተል በብዙ ቦታ አልነበረም፤ የሚታከምበት ቦታም በበቂ አልነበረም። በ1994 የሦስት ዓመት ገደብ ተጣለበት። በ1996 ኮንግረስ ሱስ ብቻውን ለድጎማ ምክንያት መሆኑን ጨርሶ ሰረዘ፣ በ1997 መባቻም ክፍያው ቆመ። በዚያ በኩል ይከፈላቸው የነበሩት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። ሌላ ህመም እንዳለባቸው ማስረዳት የቻሉት ተመለሱ፣ የቀሩት ቀሩ። ግዴታው ህክምናውን ሳያመጣ ድጎማውን ይዞ ሄደ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ፍራንክፈርት (ጀርመን)
እኛ ጋ ደግሞ «የመተባበር ግዴታ» ይሉታል፣ በማህበራዊ ሕጋቸው የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ታከም ሊሉህ ይችላሉ። ግን አንቀጽ 65 በርህን ይጠብቅልሃል፤ በጤናህ ላይ ጉዳት አያመጣም ተብሎ በእርግጠኝነት የማይነገርለትን፣ ብርቱ ሥቃይ ያለውን ወይም ሰውነትን ጉልህ በሆነ መንገድ የሚነካ ህክምና እምቢ የማለት መብት አለህ። ድጎማውን ከማቆማቸው በፊትም በጽሑፍ ማስጠንቀቅና ቀን መስጠት አለባቸው። በኋላ ከተባበርክ ያለፈውን ጭምር ሊከፍሉህ ይችላሉ።

ይህ መካከለኛ መንገድ አይመስላችሁም? አቋሜ ከሹፌሩ ጋር ነው፣ ግን በዚህ ልክ።

ጠበቃው (አዲስ አበባ)
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም የምታወሩት የሰው አገር ነገር እንደሆነ አድርጋችሁ ስለሆነ የኛንም ላስታውሳችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን (ቁጥር 1156/2011) በሥራ ላይ ጉዳት ስለደረሰበት ሠራተኛ ተመሳሳይ ነገር ይላል። የህክምና ምርመራ እምቢ ካለ ወይም ሆን ብሎ ምርመራውን ካጓተተ፣ መዳኑን የሚያዘገይ ነገር ካደረገ፣ በየጊዜው የሚከፈለው ይታገዳል። እንቅፋቱ ሲነሳ ክፍያው ይቀጥላል፤ የታገደበትን ጊዜ ግን አያገኝም። ከጀርመኑ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ።

ለሌላው ተራ ህመም ደግሞ አሠሪው የሚከፍለው የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያበላህ ዘመድ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ደንበኛ የሚከራከረው «ልታከም ገንዘብ አምጡ» ብሎ ነው እንጂ «አልታከምም» ብሎ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ህክምናው ቀርቦለት እምቢ ያለውን ሰው ብቻ የሚመለከት መሆኑን አትርሱ።

እትዬ (ሲያትል)
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጠበል የገባ ሰው ህክምና እምቢ ብሏል ይባላል?

ይህንን የምለው እንጦጦ ስመላለስ ያየሁትን አይቼ ነው። መድኃኒቱን ትቶ ጠበል ብቻ ይዞ የሞተ ወጣት አውቃለሁ፤ ያስታመምነው አብረን ነው። በኋላ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጠበሉንና የኤችአይቪ መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ሲያስተምሩ ስንቱ ተረፈ! ያንን ሁሉ ሰው ወደ ክኒኑ የመለሰው የሚያምነው ሰው ቃል ነው። «ክኒን ካልዋጥክ ስንዴህ ይቀራል» ቢባል ኖሮ እንኳን ሊውጥ ጠበሉ ቦታ ያለውን ዳስ ትቶ ወደ ጫካ ይገባ ነበር።

ሌሊት ሹፌር (በርሚንግሃም)
እትዬ፣ ያሉትን አከብራለሁ። ሲስተርም የአሜሪካውን ስትዘረዝር ብዙ ተምሬያለሁ። ግን ሁላችሁም የምትነግሩኝ በመጥፎ ስለተሠራበት ግዴታ ነው። በደንብ ቢሠራስ? ፍራንክፈርት እንዳለው ቢሆንስ? ቀዶ ጥገና አልጠየቅሁም። ሂድ፣ ከሐኪም ጋር ቁጭ በል፣ የምትለውን በል፣ ተመለስ። ይህንን ብቻ ግዴታ ብናደርግ ማን ይጎዳል?

የካዛንቺስ ልጅ (ለንደን)
ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እውነቴን ነው። የምመልስልህ ከሐኪሙ ወንበር ተነስቼ ነው።

አንድ ሰው ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ «እሺ» ሲል፣ እሺታው ዋጋ የሚኖረው እምቢ ማለትም ስለሚችል ነው። የኪራዩ ገንዘብ በመልሱ ላይ ከተንጠለጠለ ሐኪሙ የሚሰማው የታማሚውን ቃል ሳይሆን የአከራዩን ነው። «መድኃኒቱ ያንቀጠቅጠኛል» ማለት ይፈራል። «አቁሜዋለሁ» ማለትማ አይታሰብም። ሐኪሙም መጠኑን የሚጨምረው በውሸት ላይ ተመስርቶ ይሆናል። እዚህ አገር የሐኪሞቹ ሙያዊ መመሪያ በጫና የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም የሚለው ለጌጥ አይደለም።

ቁጭ ብሎ ማውራት ብቻ ካልክ ግን፣ መጀመሪያ ወንበሩ ይኑር። የአእምሮ ህክምና ወረፋ ላይ ወራት የቆዩ ሰዎች እዚሁ ግሩፕ ውስጥ አሉ፣ ስም አልጠራም። አስተርጓሚ አጥታ ልጇን ይዛ የገባች እናት አውቃለሁ፤ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው ለሐኪሙ የእናቱን የማህፀን ህመም ያስተረጎመው። ሁለተኛ ቀጠሮዋን ብትቀር፣ «እምቢ ያለች» ብላችሁ ትጽፏታላችሁ?

ሌሊት ሹፌር (በርሚንግሃም)
እሷንማ አልጽፋትም። እንዴት ብዬ!

ግን ማን እንደሚጽፋት ነው አሁን የከነከነኝ። ሲስተር፣ እናንተ ጋ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው ማነው?

ሲስተር ነኝ (ቨርጂኒያ)
በመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን የያዘው የስቴቱ መስሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ከሐኪም አማካሪ ጋር። ሰውየውን ብዙ ጊዜ በዓይናቸው አያዩትም። ወረቀቱ ላይ «ቀጠሮውን አላከበረም» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚያነቡት ያንን ነው። ስለዚህ የምረዳቸውን ሰዎች ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ለምን እንደቀራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩና እዚያው ፊታችሁ ፋይላችሁ ላይ እንዲጽፈው አድርጉ። አውቶብስ ከሆነ አውቶብስ፣ ፍርሃት ከሆነ ፍርሃት።

ሌሊት ሹፌር (በርሚንግሃም)
ይህችን ያዝኳት። ህክምናው ቀርቦለት፣ ቋንቋው ተሟልቶለት፣ ምክንያቱን በአካል ቀርቦ ተጠይቆ እምቢ ላለ ሰው አሁንም ይቀነስ ባይ ነኝ። በፋይል ብቻ ግን አይሆንም።

ጋሼስ ተርፈው ነው?

የካዛንቺስ ልጅ (ለንደን)
ተርፈዋል። ሆስፒታል ሳሉ አንዲት ነርስ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ ስንት ዓመት እንደጠጡ ጠየቀቻቸው፣ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል ሳታነሳ። ያኔ ነው የነገሯት። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሱስ ማገገሚያ ስብሰባ ይሄዳሉ። አንዳንዱን ሐሙስ ይቀራሉ።