ኤምኤምፒ-9ን ለመለካት የትኛው ኪት ይሻላል?

በሰው ደም ውስጥ ኤምኤምፒ-9 የተባለውን ኢንዛይም የሚለካ የኤላይዛ ኪት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ ይዞ መጠኑን በቀለም የሚያሳይ) ለመግዛት የምታወዳድሩ ሁሉ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተዉትና የየኪቱን መመሪያ ገልጣችሁ አንድ ነገር ፈልጉ፤ የሚለካው ጠቅላላውን ነው ወይስ አንዱን ቅርጽ ብቻ? ይህ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ከሴል የሚወጣው ገና ሳይነቃ፣ 92 ኪሎዳልተን ገደማ ክብደት ይዞ ነው። ሥራ የሚጀምረው ከፊቱ ያለው ቁራጭ ሲወገድለት ነው። ነቃም አልነቃም ደግሞ ቲምፕ-1 የተባለው አጋጅ ፕሮቲን ይጣበቅበታል። አንዱ ኪት ሁሉንም ደምሮ ይቆጥራል፣ ሌላው ያልነቃውን ብቻ ይይዛል። የሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ጥያቄያችሁ «ኢንዛይሙ ምን ያህል እየሠራ ነው?» ከሆነ ግን ተራ ኤላይዛ አትግዙ። ኤላይዛ መጠንን እንጂ ሥራን አይለካም። ለዚያ የጄላቲን ዛይሞግራፊ (ኢንዛይሙ በጄል ውስጥ ያለውን ጄላቲን ሲቆርጥ የሚታይበት ዘዴ) ወይም ሲቆረጥ የሚያበራ ንጥረ ነገር ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ያስፈልጋል።

ለጀማሪ የምጠቁመው የአር ኤንድ ዲ ሲስተምስን ኳንቲካይን ነው። ጉድጓዶች ያሉት ሳህኑ አንቲቦዲ ተቀብቶለት ይመጣል፣ ናሙናውና ሁለተኛው አንቲቦዲ በየተራ ይገባሉ፣ በመካከል ይታጠባል። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን የት እንደተሳሳታችሁ ለማወቅ ይመቻል። የአብካም ሲምፕልስቴፕ በ90 ደቂቃና በአንድ እጥበት ያልቃል፤ ናሙና ለሚበዛበትና ቀኑ ለሚያጥረው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ብቻ ሁለቱም አንቲቦዲዎች አብረው በሚገቡበት ማንኛውም ኪት ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ሁለቱን ለየብቻ ያጠግባቸውና ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ይላል። አንድን ናሙና በሁለት የተለያዩ መጠኖች አቅጥኖ መለካት ይህን ያጋልጣል። የአር ኤንድ ዲ ሲስተምስ ዱኦሴት ደግሞ ክፍሎቹን ለየብቻ የሚሰጥ ነው፤ ሳህኑን ራሳችሁ ቀብታችሁ ታሳድራላችሁ። በመቶዎች የሚቆጠር ናሙና ላለው ያዋጣል፣ ለአንድ ሳህን ግን አልመክርም።

አሁን ከኪቱ ይልቅ ብዙ ሥራ ወደሚያበላሸው ነገር ልምጣ፤ የደም መቅጃው ቱቦ። ከአንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) እና ሄፓሪን የተባለ ማርጊያ መከላከያ ያለበት ፕላዝማ (ሳይረጋ የተለየ የደም ፈሳሽ) ወስጄ ጎን ለጎን ሠርቼ ነበር። ማቆሚያው አሲድ ሲገባ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ የሴረሙ ጉድጓድ እንደ ዘይት ደምቆ፣ የፕላዝማው ፈዝዞ። ደም ሲረጋ ነጭ የደም ሴሎች ያከማቹትን ኤምኤምፒ-9 ይለቃሉ፤ ስለዚህ ሴረም ላይ የምታዩት ትርፍ በሽተኛው ውስጥ የነበረ አይደለም። እኔ ፕላዝማን እመርጣለሁ፤ ቶሎ በሴንትሪፉጅ ተለይቶ። ሌላው ማርጊያ መከላከያ ኢዲቲኤ ግን ኢንዛይሙ የሚያስፈልገውን ዚንክንና ካልሲየምን ስለሚነጥቅ ለእንቅስቃሴ መለኪያ ፈጽሞ አይሆንም። ለኤላይዛም ቢሆን መመሪያው መፍቀዱን አረጋግጡ።

ሌላው ማቅጠን ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ 7 ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) እና አንድ ባዶ እያንዳንዳቸው በሁለት ጉድጓድ ሲሠሩ 16 ጉድጓድ ይሄዳል፤ የሚቀረው 80፣ ማለትም እያንዳንዱ በሁለት ጉድጓድ 40 ናሙና ነው። አንድ ጊዜ 40ውንም በአንድ ዓይነት መጠን አቅጥኜ ጨርሼ፣ ሁሉም ከከፍተኛው ስታንዳርድ በላይ ወጡብኝ። ሳህኑም ናሙናውም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ረድፎቹ የሚነጠሉ ሳህን ብቻ እገዛለሁ። በጥቂት ረድፎች ላይ ሦስት ናሙና በ20፣ በ50 እና በ100 እጥፍ አቅጥኜ ሳልሞክር ዋናውን ሥራ አልጀምርም። ናሙናው ላይ የታወቀ የኤምኤምፒ-9 መጠን ጨምራችሁ ከ80 እስከ 120 በመቶው ተመልሶ መለካቱንም በዚያው እዩ።

ጥናታችሁ ወራት የሚፈጅ ከሆነ ሁሉንም ኪት ከአንድ የምርት ቁጥር በአንድ ጊዜ እዘዙ። የማይቻል ከሆነ ከአንድ ናሙና ብዙ ትንንሽ ቱቦ ሞልታችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡና ሳህኖቹን ለማነጻጸር በእያንዳንዱ ሳህን አንዱን አብራችሁ ለኩ።