የደንበኛ ጨርቅ እንደ ራሴ ዕቃ ተገምቶብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት የስፌት መኪና አለኝ፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው ታናሽ እህቴ እንሰፋለን።

የግብር ቢሮ ሠራተኞች የቀን ገቢ ግምት ሊሠሩ የመጡት ልክ ለአረፋ ሥራ በበዛበት ሳምንት ነው። መደርደሪያው ጢም ብሏል። አንደኛው ጨርቁን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሰው ነው፤ እኔ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የምቀበለው» አልኩት። በየጥቅሉ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ብጣሽ ወረቀት በስፒል ተይዟል። አሳየሁት። ዝም ብሎ ጽፎ ሄደ።

የደረሰኝ ውሳኔ የጨርቅ ነጋዴ አድርጎኛል። በዓል ሲያልፍ እኮ ቀኑን ሙሉ አንድ ዚፕ ብቻ ቀይሬ ቤቴ የምገባበት ጊዜ አለ። ግብር አልከፍልም አላልኩም። በሠራሁት ልክ ልክፈል ነው የምለው። እህቴ «አብሽሪ» ትለኛለች፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የፌዴራሉ የግብር አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል ይላል። የክልላችንስ ያው ነው? የሂሳብ መዝገብ የለኝም። ያለኝ የደንበኛ ስም፣ ልኬትና ቀብድ የተጻፈበት የቀጠሮ ደብተር ነው። እሱ በማስረጃነት ይያዝልኛል? ደንበኞቼን ምስክር ባደርግስ?

ኮምቦልቻም ሆነ ወልድያ እንዲህ ገጥሟችሁ ያስተካከላችሁ ካላችሁ፣ ማመልከቻውን እንዴት እንደጻፋችሁት ንገሩኝ። ስድስት ቀን አልፎብኛል።